መቀነቱን ዝቅ አድርጊው

ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ዘመኑ የ1970ዎቹ ማብቂያ ነው። መንዝ ውስጥ በአንዲት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስሠራ፣ በአንድ የነሐሴ ጠዋት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ወደ ክፍሌ ገባች። ገባች ስል በሩን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ደረሰች ማለቴ ነው። ከቤቷ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታለች።

«እዚህ ጋ ነው» አለችኝ ብሽሽቷን በእጇ እያሳየች። «አጥንቴ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ሌሊት ልገላበጥ ስል ያስጮኸኛል።»

የደም ግፊቷን ለካሁ፤ ደህና ነው። የፅንሱን ልብ አዳመጥኩ፤ ደህና ነው። የዓይኗን ቆብ ገልጬ ደም ማነስ እንዳለባት አየሁ። ከዚያ ያን ጊዜ ሁላችንም የምንለውን አልኩ፦ «የእርግዝና ነው፤ ምንም አይደለም፤ ስትወልጂ ይለቅሻል»። የብረት እንክብልና ጥቂት ፓራሲታሞል ሰጥቼ ሸኘኋት። ያንኑ የሦስት ሰዓት መንገድ ተመለሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቃሬዛ ይዘዋት መጡ። ምጥ መስሏቸው ነው። ምጥ አልነበረም፤ ከመደብ ተነስታ መቆም አቅቷት ነው። ሳነጋግራት እስከዚያች ጠዋት ድረስ ውኃ ስትቀዳ እንደነበር ነገረችኝ። አሞኛል ባለች ቁጥር «ነርሷ ምንም አይደለም ብላሽ የለም ወይ?» ይሏታል። ለካ የእኔው ቃል ቤቷ ውስጥ ማስረጃ ሆኖባት ኖሯል።

ይህን ጽሑፍ ለእናቶችና ለአባቶች፣ ይልቁንም ለአያቶች የምጽፈው ስለዚህ ነው። በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ የዳሌ ሕመም የመጀመሪያው ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ አይደለም ያለው። ውኃውን ማን ይቅዳ፣ ኩበቱን ማን ይሸከም የሚባለው ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ደግሞ ቃሉ የሚሰማው የምራት ሳይሆን የአማት ነው።

ዳሌ እንደ ቀለበት የተያያዘ አጥንት ነው። በግራና በቀኝ አንዳንድ ሰፊ አጥንት አለ፤ ከኋላ የአከርካሪያችን ግርጌ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ያያይዛቸዋል። ከፊት ደግሞ ከብሽሽት መሃል ሁለቱ ይገናኛሉ። ከኋላ ሁለት፣ ከፊት አንድ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። የፊተኛው በጠንካራ ጅማትና በልምጭ አጥንት የተያዘ ሲሆን በደህናው ጊዜ ክፍተቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት በሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ጅማቶቹ ይለሰልሳሉ፤ ክፍተቱም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ልጁ መውጫ እንዲያገኝ የተሠራ ጥበብ ነው። ችግሩ የሚመጣው የለሰለሰው መገጣጠሚያ ሸክሙን መሸከም ሲያቅተውና አንዱ ጎን ከሌላው ጋር እኩል መሥራቱን ሲተው ነው።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት መመሪያ ከ5 ነፍሰ ጡሮች አንዷን ያህል እንደሚያገኝ ይናገራል። ቀድሞ ወገቧን ያመማት የነበረች ወይም ዳሌዋ ላይ ወድቃ የተጎዳች ሴት የበለጠ ትጋለጣለች። በአገራችን ሰው «ብርድ መታኝ» ይለዋል። ሌላው የቤተሰብ ምጣኔ ክኒን ያመጣው ነው ይላል። ክኒኑ አያመጣውም፤ ብርዱም ቢሆን ሕመሙን ያባብሰው እንደሆነ እንጂ ምንጩ አይደለም። ሕመሙ ፅንሱንም አይጎዳም። የሚጎዳው እናቲቱን ነው፦ እንቅልፏን፣ እግሯን፣ አንዳንዴም ትዳሯን።

ምልክቱን ማወቅ አይከብድም። ከፊት ከብሽሽት በላይ ያለው አጥንት ላይ፣ ወይም ከኋላ ከመቀመጫ በላይ በሁለቱ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አካባቢ ያማል። ወደ ጭን ውስጠኛው ክፍልም ሊወርድ ይችላል። በአንድ እግር ሲቆሙ፣ ደፍ ሲሻገሩ፣ ሲገላበጡ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ይብሳል። አንዳንዷ አጥንቷ «ቋ» ሲል ይሰማታል። እንደ ዳክዬ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘች ስትሄድ ሠፈሩ ይስቅባታል። እባካችሁ አትሳቁ።

መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከታርማበር ተገንጥሎ በሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሰው የምለው ይገባዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ ነው። ወደ ጓሳ ሲጠጉ ደግሞ ብርዱ ከዚያም ይብሳል። ገብሱ ከዚህ፣ ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። በመርሐቤቴ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት የሚወርድ ገደላገደል ነው፤ የወረደ ሁሉ መልሶ ይወጣዋል። በዚህ አገር ነፍሰ ጡር ሴት የምትሠራውን አንድ ቀን አብሬ ውዬ ቆጥሬ አውቃለሁ። ከመደብ ትነሳለች፣ ከብት ሥር ቁጢጥ ብላ ታልባለች፣ እበቱን ዝቅ ብላ ትዝቃለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ምጣዱ ፊት ቁጢጥ ብላ ትጋግራለች፣ አረም ቁጢጥ ብላ ታርማለች። በመሃል ውኃ አለ።

ድሮ እንስራ ነበር። አሁን ቢጫው ጄሪካን ነው። 20 ሊትር ውኃ ማለት 20 ኪሎ ነው፤ የጄሪካኑን ክብደት ሳንጨምር። በገመድ ታስሮ ጀርባ ላይ ሲጫን የሚያርፈው ደግሞ የት መሰላችሁ? ልክ ከኋላ ሁለቱ የዳሌ መገጣጠሚያዎች ባሉበት ላይ ነው። ሴቲቱ ሸክሙን ለመመዘን ወደ ፊት ታጎነብሳለች፤ ሆዷ ደግሞ ወደ ፊት ይጎትታታል፤ ዳገቱን በአንድ በአንድ እግሯ ትወጣዋለች። የለሰለሰ ቀለበት ላይ ይህ ሁሉ ሲጫን ምን እንዲሆን ይጠበቃል?

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለሥራ ላይ ሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ አስተማረችን። ትምህርቱ ስለ ወገብ ሕመም ነበር፤ ስለ ነፍሰ ጡሮች የተናገረችው ምናልባት ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ግን በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያቺ በቃሬዛ የመጣችው ሴት ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

ተመልሼ በሥራዬ ላይ ሳለሁ አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር መጣች። አማትየዋ ወይዘሮ ናቸው፣ ጥቁር ባና ደርበዋል። ገና ሳይቀመጡ፦

«ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ሥራ ጠልታ ነው። እኛ በዚህ ሆድ አጭደናል።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። አልጋው ላይ በጀርባዋ እንድትተኛ አደረግሁ። ጉልበቷን ሳታጥፍ አንድ እግሯን ከአልጋው አንድ ስንዝር ያህል እንድታነሳ ነገርኳት። ሞከረች፤ እግሯ እንደ ግንድ ከበዳት፤ ፊቷ ላብ አወጣ። ያን ጊዜ አማትየዋን ጠራኋቸው።

«እማማ፣ እስቲ ይምጡ፤ ዳሌዋን በሁለት እጅዎ ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል ጫን አድርገው ይያዙልኝ። እንደዚህ።»

ያዙ። ያረሱ፣ ያጨዱ፣ የፈተሉ እጆች ናቸው፤ አጥብቀው ያዙ። «አሁን አንሺ» አልኳት። እግሯ ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ ግን ያለ ጩኸት ተነሳ። አማትየዋ እጃቸውን ለቀቁት፤ እግሩ መልሶ ከበደ። እንደገና ያዙት፤ እንደገና ቀለለ።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ሦስተኛዬን ሳረግዝ እኔም እንዲህ ነበርኩ» አሉኝ። «ከምድጃ እስከ በር በአራት እግሬ ነው የሄድኩት። እኔን ማን ይዞኝ ያውቃል?»

ይህ ሙከራ ባለሙያዎች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ነው። ዳሌው ከውጭ ሲደገፍ እግሩ ከቀለለ ችግሩ ስንፍና ሳይሆን የቀለበቱ መላላት መሆኑን ያሳያል። ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ግን በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ያለች ሴት በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ አትተኛ፤ ከአንድ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ዳሌዋን ይዞላት የሚዞር ሰው የለም። በውጭው ዓለም ለዚህ የሚሆን ቀበቶ ይሸጣል። እኛ ግን ከእነርሱ በፊት መቀነት ነበረን። ያቺ ልጅ ያን ዕለት የታጠቀችው መቀነት ከጥጥ የተሸመነ፣ ረጅም፣ ጠንካራ ነበር። የተጠመጠመው ግን ከሆዷ በላይ ነበር፤ ከጡቷ ሥር። እዚያ ላይ ሆኖ የሚደግፈው ነገር የለም፤ ትንፋሽ ከማሳጠር በቀር።

መቀነቱ ዝቅ ይበል። ከሆድ ሥር ይግባ። በጎን በኩል ጭን ከዳሌ ሲገናኝ የምትዳሰስ አንዲት የአጥንት ጉብታ አለች፤ እርሷን ይሸፍን። ከኋላ ከመቀመጫ በላይ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ ይለፍ። ስፋቱ የአንድ መዳፍ ያህል እንዲሆን ታጥፎ፣ ሳይጠማዘዝ፣ ሁለት ሦስት ዙር ይጠመጠም። ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ፤ ነገር ግን እጅ ይዟት ያለ ያህል ይሰማት። ሆዱ ላይ በፍጹም አይታሰር። ስትቆም፣ ስትሄድ፣ ሥራ ላይ ስትሆን ትታጠቀዋለች፤ ስትቀመጥና ስትተኛ ትፈታዋለች። እግሯን ከደነዘዛት ወይም ሕመሙ ከባሰባት ይፈታ፤ ለሁሉም ሴት አይሠራም። የሚሠራላት ግን በመጀመሪያው ቀን ታውቀዋለች።

መቀነቱ ብቻውን ጄሪካን አይሸከምም፤ ይህን ለአማትየዋም ነግሬያቸዋለሁ። ውኃው በአህያ ይምጣ። አህያ ከሌለ ባልየው ያምጣው። «ወንድ ውኃ ቀዳ ተብሎ ይሳቅበታል» የሚል ነገር ይነሳል፤ ሰምቼዋለሁ። ያልኳቸውም ሦስት ወር ቢሳቅበት ሦስት ወር ነው። ምንም ቢሆን የማይቀር ከሆነ በትልቁ ጄሪካን አንዴ ከማምጣት በአምስት አምስት ሊትር መመላለስ ይሻላል፤ በሁለት እጅ እኩል ተይዞ፣ ለሰውነት ተጠግቶ። በአንድ ጎን ዳሌ ላይ ልጅ ማዘል ወይም እቃ ማንጠልጠል ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ትልቁን ልጅ አያት ትያዘው።

ሌሊቱስ? ብዙዎቹ የሚያለቅሱት ሌሊት ነው። በጎኗ ትተኛና የታጠፈ ጋቢ ወይም ባና ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በሁለቱ እግሮቿ መሃል ታድርግ። ስትገላበጥ ጉልበቶቿን ገጥማ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ አብረው እንደ አንድ እንጨት ይዙሩ። ከመደብ ስትነሳ መጀመሪያ በጎኗ ትሁን፤ ሁለቱን እግሯን አንድ ላይ ታውርድ፤ በክንዷ ራሷን ገፍታ ትቀመጥ፤ ከዚያ ትቁም። ቀሚስና ሱሪ ቁጭ ብላ ትልበስ። ሥራዋን በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንድትሠራ ምጣዱ ከፍ ይበልላት። ማረሙንና ማለቡን ሌላ ሰው ይያዝ፤ ረጅም ጊዜ ቁጢጥ ማለት የፊተኛውን አጥንት ይከፋፍተዋል። በቅሎ ላይ እግር ከፍቶ መቀመጥም እንዲሁ ነው።

ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ልጃችሁ ጄሪካን አትሸከምም ይሆናል። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ትኖራለች፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ታክሲ ለመሳፈር በአንድ እግሯ ትንጠለጠላለች። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ መደገፊያውን ይዛ ትውጣ፤ ስትወጣ ደህነኛውን እግር፣ ስትወርድ የሚያማትን እግር ታስቀድም። መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ትቀመጥ፤ ከዚያ ሁለቱን እግሯን አንድ ላይ ታስገባ።

ስለ ስግደት ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ልመልስ። በጾመ ፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን የሚውሉ ነፍሰ ጡሮች አሉ። መውደቅና መነሳቱ ለዚህ ሕመም አይመችም፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ በአንድ እግር ተደግፎ መቆምም እንዲሁ። የንስሐ አባት ይጠየቁ። በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ «አይሆንም፣ ትስገድ» ያለ ቄስ አልገጠመኝም። ከልካዩ ሁልጊዜ የጎረቤት ዓይን ነው።

እረፍት ሲባል ግን ተኝቶ መዋል ማለት አይደለም። የማይንቀሳቀስ ጡንቻ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ዳሌውን አይዝም። የፊዚዮቴራፒ ዋና ሥራው ይህ ነው፦ የላላውን ጅማት ማጥበቅ ስለማይቻል በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ማጠንከር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያው የወገብና የዳሌ ሕመምን ለመከላከል በእርግዝናው ጊዜ ሁሉ አዘውትሮ እንቅስቃሴ ማድረግን ይመክራል፤ ሕመሙ ለመጣባትም እንደ ምርጫዋና እንደሚገኘው ፊዚዮቴራፒና የድጋፍ ቀበቶ ካሉት አማራጮች መሃል ናቸው ይላል።

እኔ ለእናቶች የማሳያቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ወለል ስንለቀልቅ እንደምንሆነው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ወገብን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማጉበጥና መልሶ ማስተካከል ነው፤ አሥር ጊዜ። ሆዱ ስለሚንጠለጠል ለወገቡ እፎይታ ይሰጠዋል፤ ብዙዎቹ «ይሄንንስ በልምድ አውቀዋለሁ» ይሉኛል። ሁለተኛው ሽንትን እንደመቋጠር የማህፀን በር አካባቢ ያለውን ጡንቻ ወደ ላይ ስቦ አምስት እስኪቆጠር መያዝና መልቀቅ ነው፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሽንት እየሸኑ መለማመድ ግን ልክ አይደለም። ሦስተኛው ተቀምጦ የታጠፈ ጋቢ በጉልበቶች መሃል አድርጎ በለሆሳስ መጭመቅ ነው። ያመመ ነገር ይቁም። በየቀኑ አጭር መንገድ በሜዳ ላይ መሄድ ይጠቅማል፤ ዳገት ግን እንቅስቃሴ ነው ብላችሁ አታታሉኝ።

ወጌሻ ነገርም አለ። ወጌሻን አልንቅም፤ የተወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ። የነፍሰ ጡር ዳሌ ግን የተወለቀ ነገር አይደለም፤ ተስቦ የሚመለስ የለውም። ሆድን በቅቤ ማሸትና ፅንሱን «ማስተካከል» ደግሞ አደገኛ ነው፤ የእንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቀውና ደም ሊያፈስ ይችላል። ወገቧንና መቀመጫዋን በለብታ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ማሞቅ፣ በእጅ ለስለስ አድርጎ ማሸት ግን ምንም ክፋት የለውም፤ ደስም ይላታል። በመድኃኒት በኩል ፓራሲታሞል በልኩ ይፈቀዳል። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ፤ በተለይ ከአምስት ወር በኋላ የፅንሱን ኩላሊትና ልብ ሊጎዱ ይችላሉ። ከመድኃኒት መደብር «የወገብ መርፌ» ተወግታ የመጣች ነፍሰ ጡር አይቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ፤ ልቆጣ የሚገባኝ ግን በእርሷ አልነበረም።

አሁን የምጽፈውን ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል። ሁሉም የዳሌ ሕመም የዳሌ ሕመም አይደለም። ሕመሙ እየመጣና እየሄደ በየጊዜው የሚጠብቅ ከሆነ ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ሊሆን ይችላል። ደም ወይም ውኃ ከፈሰሳት፣ ትኩሳት ካላት፣ ሽንት ሲወጣ ካቃጠላት፣ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ካመማት፣ እግሯ ከሰነፈ ወይም ከብሽሽቷ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታት፣ ከወደቀች፣ ፅንሱ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ መቀነት አትፈልጉ፤ አምቡላንስ ጥሩ። ሌሊትም ቢሆን።

ባለሙያውስ የት ይገኛል? ፊዚዮቴራፒ በአገራችን በዲግሪ ይሰጣል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያስተምር ቆይቷል። ተመራቂዎቹ በብዛት የሚገኙት ግን በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው፤ መገናኛው የሚታሰበውም ለተሰበረ አጥንትና ስትሮክ ለመታው ሰው ነው። ነፍሰ ጡርን ወደዚያ የሚልካት ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠይቁ። ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስትባሉ «የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ ወይ?» በሉ። ይህ ሙያ ለሴቶች ዳሌ የሚሠራውን ለማየት የፈለገ አዲስ አበባ የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን ያስታውስ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው ያቋቋሙት ነው። በተራዘመ ምጥ እግራቸው የሰነፈ ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው ጎን እንደገና መራመድን የሚማሩት፣ የደከመውን ጡንቻቸውን የሚያጠነክሩት በፊዚዮቴራፒ ነው። ለእነዚያ የተቻለ ገና ላልተጎዳችው አይቻልም አይባልም።

በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛስ? ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤታችን ድረስ የምትመጣ እርሷ ናት። ሦስቱን እንቅስቃሴ ለማሳየት መሣሪያ አያስፈልጋትም። እንድታሳያችሁ ጠይቋት፤ ካላወቀች ይህን ጽሑፍ ስጧት። በጤና ጣቢያዎች ያሉት የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት እጅግ ይጠቅማሉ፤ ቀኗ ሳይደርስ ገብታ ብትተኛ ምጥ በመጣባት ሌሊት ገደል አትወርድም። አማቶች «ቤት ባዶ ይሆናል» ብላችሁ የምትከለክሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ።

ምጡን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውምና። አዋላጇ አስቀድማ ትወቅ። ነፍሰ ጡሯ ሳያማት ጉልበቶቿን ምን ያህል መክፈት እንደምትችል ምጥ ሳይመጣ ይለካ፤ በምጥ ጊዜም ከዚያ በላይ እንዳይከፈት ይጠንቀቁላት። በጀርባ ተኝቶ እግርን በኃይል መክፈት ለላላው አጥንት ትልቅ ጉዳት ነው። በጎን ተኝታ ወይም ተንበርክካ ብትወልድ ይሻላታል። እናቶቻችን ተንበርክከው ነበር የሚወልዱት፤ በዚህስ ትክክል ነበሩ።

ከወለደች በኋላ ለአብዛኞቹ ሕመሙ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይለቃል። ጅማቱ ግን በማግሥቱ አይጠነክርም። የአራስ ቤት ወግ ለዚህ የተሠራ ይመስል ተስማሚ ነው፤ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስከ ክርስትና። ግን ስንቱ ቤት ይጠብቀዋል? ገንፎው እንዳለቀ ጄሪካን የምታነሳ አራስ ቆጥሬ አልጨርስም። ቶሎ ሸክም መጀመር ዳሌውን ብቻ አይደለም የሚያሳምመው፤ የማህፀን መውጣትን ያመጣል፤ ያን ደግሞ ስንት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ደብቃ እንደምትኖር በደጋው አገር የሠራ ሁሉ ያውቃል። ሦስት ወር ካለፈና አሁንም ካመማት «ወልጃለሁ እኮ» ብላ አትተወው፤ እንደገና ትታይ።

በቃሬዛ የመጣችው ሴት ያን ጊዜ ወንድ ልጅ በሰላም ወለደች። ስታነክስ ግን ከዓመት በላይ ቆየች። ካገኘኋት ይቅርታ ልጠይቃት ሳስብ ጡረታ ወጣሁ።

ጥቁር ባና የደረቡት አማት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ተመልሰው መጡ። ምራታቸው አልነበረችም አብራቸው ያለችው፤ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ በሩን ይዛ ቆማለች። እኔ ካርዷን ስፈልግ እርሳቸው ልጅቷን ወደ አልጋው ወስደው አስተኝተዋታል። ዳሌዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፦

«በይ እግርሽን አንሺ» አሏት።